«መንገዱ ነው» ለሚል ሾፌር

መኪና ፍጥነት ሲጨምር መንቀጥቀጥ ከጀመረ አብዛኛው ሾፌር መጀመሪያ የሚለው «መንገዱ ነው» ነው። ሚስቱ ደግማ ከጠየቀች ደግሞ «ፈርተሽ ነው» ይላል። ይህን ሁለተኛውን መልስ በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰምቼዋለሁ፤ በመኪና ሳይሆን በሕመም። ደረቷን የሚያማት ሴት «ሐሳብ አብዝታ ነው» ተብላ ቤት ስትውል ስንቴ አይቻለሁ። ባለፈው ወር እዚሁ ጅግጅጋ የምትኖር የእህቴ ልጅ ደውላ «አክስቴ፣ ውጫሌ መንገድ ላይ መኪናችን 80 ሲያልፍ ከወንበሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ግን መሪው ደህና ነው፣ አንቺ ትፈሪያለሽ ይለኛል» ስትለኝ፣ መካኒክ ባልሆንም ልክ እንደ በሽተኛ ጠየቅኋት።

መቼ ጀመረ? በየትኛው ፍጥነት? ፍጥነት ሲጨምር ይተዋል ወይስ ይብሳል? ፍሬን ሲያዝ ነው ወይስ ሁልጊዜ? የት ይሰማል፤ እጅ ላይ ወይስ መቀመጫ ላይ? ትኩሳት በራሱ በሽታ አይደለም፣ ምልክት ነው፤ የመኪና መንቀጥቀጥም እንዲሁ ነው። ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን መልሶች ወረቀት ላይ ብትጽፉ፣ ያልታመመ ዕቃ ከማስቀየር ትድናላችሁ።

ከሁሉም የሚበዛው የጎማ ባላንስ መዛባት ነው። የትንሽ መኪና ጎማ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሴኮንድ 15 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ከቸርኬው ጠርዝ 30 ግራም እርሳስ ቢወድቅ በዚያ ፍጥነት ጎማውን የሚጎትተው ኃይል ወደ 5 ኪሎ ክብደት ይጠጋል። ከተማ ውስጥ ግን ምንም አይሰማም። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳልና። ለዚህ ነው ገበያ ደርሶ መልስ ደህና የነበረ መኪና ሜዳው ላይ ሲለቀቅ የሚንቀጠቀጠው። የባላንስ ችግር ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 110 ባለው መካከል ይመጣና ከዚያ ሲያልፍ ቀለል ይላል። የፊት ጎማ ከሆነ መሪው እጅ ውስጥ ይርገበገባል፤ የኋላ ከሆነ መቀመጫውና ወለሉ። ሾፌሩ መሪው ደህና ነው ማለቱ እውነቱን ነው፣ ግን ግማሹን እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ የያዘው ከኋላ የተቀመጠው ሰው ነው።

በዝናብ ወራት ደግሞ ጋራዥ ከመሄድ በፊት መኪናውን እጠቡ። ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ራሱ ባላንስ ያዛባል። ለዚህ ገንዘብ ያስከፈለ ጋራዥ አውቃለሁ፣ ስሙን ልተወው።

ሳይንቀጠቀጥ ወዲያና ወዲህ የሚዋልል መኪና ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ በመጀመሪያ የጎማ አየር ይታያል፤ ልኩ የሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው። ማለዳ ጅግጅጋ በብርድ የተሞላ ጎማ ድሬዳዋ ሙቀት ሲገባ ይጨምራል፤ በ10 ዲግሪ ሴልሲየስ ልዩነት 1 ተኩል ፒኤስአይ ገደማ። ስለሞቀ ብላችሁ አየሩን አታስተንፍሱት። አየሩ ደህና ከሆነ አላይመንት፣ ያለቀ አሞርዛተር፣ ወይም መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው መጋጠሚያ መላላት ይጠረጠራል። መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዞ መወዝወዝ የመሪውን መጋጠሚያ ያሳያል፤ ከላይና ከታች ይዞ መወዝወዝ ደግሞ ኩሽኔታውን። ክሪክ ብቻውን የቆመ መኪና ሥር ግን ማንም አይግባ፣ እባካችሁ።

ነፋሱንም አንርሳ። ከድሬዳዋ በሽንሌና በአዲጋላ አድርጎ ደወሌ የሚደርሰው፣ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የክፍያ መንገድ ሜዳ ነው። አይሻ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ጣሪያው ላይ ፍራሽና ጆንያ የቆለለ ሚኒባስ እዚያ ቢወዛወዝ በሽታው ከጣሪያው ላይ ነው፤ ጭነቱን ማውረድና ፍጥነት መቀነስ ነው መድኃኒቱ።

ወደ አንድ ጎን የሚጎትት መኪና ካላችሁ ከጉዞ በኋላ ቆማችሁ የእጃችሁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠጉ፣ ብረቱን ሳትነኩ። የሕፃን ግንባር እንደምናይ ማለት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም። ከካራማራ ወደ ጅግጅጋ ሲወረድ ፍሬን ሲያዝ ብቻ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ጎማውን ትታችሁ የፍሬኑን ዲስክ አስመርምሩ። ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ይህ ብዙ አይገጥመውም።

የእህቴ ልጅ የነገረችኝ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። በ80 ጀምሮ በ100 አይተውም፣ በየሳምንቱም ይብሳል አለችኝ። የሚብስ ምልክት ነርስን ያስፈራታል። ከብዙ ዓመት በፊት ደም የሚፈሳት ወላድ ይዘን በአምቡላንስ ስንሄድ የኋላው ወለል እንዲሁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በጆሮዬ ማዳመጫ የደም ግፊቷን መስማት አቃተኝ። ሾፌሩን ጠራሁት፤ «ሲስተር፣ መንገዱ ነው» አላለኝም። ቀስ ብሎ ፍጥነት ቀንሶ ዳር ያዘ፣ ወርዶ በእጁ የጎማውን ውስጠኛ ጎን ዳሰሰና ቀየረው። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ፈጀብን። እናትየዋ ሆስፒታል በሕይወት ደረሰች። ጎማው ቢፈነዳ ኖሮ አምስታችንም አንደርስም ነበር።

ስለዚህ ባሏን ራሴ ደወልኩለት። ጥሩ ልጅ ነው፣ ያከብረኛል፣ ግን አንድ ጋራዥ የፊት አሞርዛተር ይቀየር ብሎት ገንዘብ እያጠራቀመ ነበር። «ልጄ፣ ሚስትህ ከኋላ ነው የሚሰማኝ እያለችህ የፊቱን ለምን ትቀይራለህ?» አልኩት። ዝም አለ። በማግስቱ ጎሚስታ ዘንድ ወሰደው። የቀኝ የኋላው ጎማ ሲወጣ፣ ቆሞ ለሚያይ ሰው በማይታየው በውስጠኛው ጎን የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት ተገኘበት። ውስጡ ያለው ሽቦና ክር ተለያይቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ጎማ አይጠገንም፣ ባላንስም አያድነውም። በዚህ ጎማ ነበር ሦስት ልጆች አሳፍረው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውጫሌ የሚመላለሱት።

የጎማ ዕድሜንም እዩ። ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ 2317 ቢል በፈረንጆች 2017 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጽሑፉ በአንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ከመኪናው ሥር ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ብዙ አምራቾች 10 ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ደህና ቢመስልም ይቀየር ይላሉ፤ የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ አሥር ዓመት አይጠብቅም። ያገለገለ ጎማ የምትገዙ ከሆነ ከዋጋው በፊት ይህን ቁጥር ጠይቁ። ጎማ ከተቀየረ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ቡሎኖቹን እንደገና አስጠብቁ።

ልጁ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአዲስ ቀየረ። ደውሎ ሲነግረኝ የትርፍ ጎማውን ነገር ጠየቅሁት፤ ከገዛው ጀምሮ አይቶት አያውቅም። ማታ አውጥቶ ሲያየው አየር የለውም።