ጠባቡ ሐዲድ በቤታችን ግቢ

በላስታ ምድር ባቡር አይታወቅም። የልደትን በዓል በላሊበላ ለማክበር የሚመጣው ምእመን ከዋግ፣ ከራያና ከበጌምድር ገደሉን ወርዶ ዐቀበቱን ወጥቶ በእግሩ ይደርሳል፤ በዘመናችንም በአውቶቡስና በአውሮፕላን የሚመጣ ብዙ ነው፤ በሐዲድ ተሳፍሮ የደረሰ ግን እስከ ዛሬ የለም። እንዲህ ኾኖ ሳለ በዚህ ወር ስለ ባቡር፣ ያውም በግቢ አትክልት መካከል ስለሚሽከረከረው ትንሽ የባቡር አምሳያ ልንጽፍ ተነሥተናል። ምክንያቱም በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች፣ ልጆቻቸው እነዚህን ባቡሮች አንድ በአንድ እየገዙ መደርደራቸውን አይተው፣ «ይህ ገንዘብ ማባከን አይደለምን? ልጁንስ ከአባቶቹ አገር ጋራ ምን ያገናኘዋል?» ብለው ስለሚጠይቁ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ይልቅ ለእኛ የቀረበ ነው።

የግቢ ባቡር የሚባለውን በሰፊው ያስለመደው በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ የነበረው የሌማን ፋብሪካ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ዓመት ዝናምና ፀሓይ የሚችል፣ ከቤት ውጭ በመሬት ላይ የሚዘረጋ ባቡር ሠርቶ ለገበያ አቀረበ፤ በ2006 ፋብሪካው ከስሮ በማግሥቱ ዓመት ሜርክሊን የተባለው ድርጅት ገዛው፤ ሥራውም አልተቋረጠም። በዚህ ባቡር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 45 ሚሊሜትር ነው። አምሳያው ከእውነተኛው የሚያንሰው 22 ጊዜ ተኩል ነው። አሁን ልጃችሁን ጥሩና 45ን በ22.5 እንዲያባዛ እዘዙት። የሚያገኘው 1,012.5 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም አንድ ሜትር ማለት ነው ብንል አንሳሳትም።

አንድ ሜትር የማን ሐዲድ ልክ ነበር? የእኛው ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአማካሪያቸው ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ከዚያም በ1890 ዓ.ም. ሥራው ከጅቡቲ ሲጀመር፣ የተዘረጋው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ ነው። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማይቱም ከእርሱ ጋራ ተወለደች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲኾን፣ ለገሃር ብለን የምንጠራው የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ጠባብ ሐዲድ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ተራራማ አገር ላይ ጠባቡ መንገድ በጠባብ ኩርባ ይዞራል፤ የሚቈረጠው ዐለት፣ የሚደለደለው አፈር፣ የሚሠራው ድልድይ ሁሉ ያንሳል። በዚህ መንገድ ነበር ባቡሩ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ 784 ኪሎሜትር ተጕዞ ከ2,300 ሜትር በላይ የወጣው።

እንግዲህ የልጁ መጫወቻ ሐዲድ፣ ሠሪዎቹ እኛን ሳያስቡ፣ የአያቶቹን ባቡር ልክ ይዞ ተገኝቷል። ነገር ግን በመደብር የሚሸጡት አብዛኞቹ አምሳያዎች የጀርመን፣ የስዊስ፣ የኦስትሪያና የአሜሪካ ባቡሮች ናቸው። ዐሥር ሎኮሞቲቮች በመደርደሪያ የደረደረ ልጅ ስለ ስዊስ ተራሮች ብዙ ሲያውቅ ስለ አዋሽ ድልድይ ምንም ላያውቅ ይችላል። እኛ ነቀፌታ የምናገኘው እዚህ ላይ እንጂ በመሰብሰቡ አይደለም። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ አንዱ ሎኮሞቲቭ ብቻውን የብዙ መቶ ዩሮ ዕቃ ነው። ስለዚህ ዐሥራ አንደኛውን ከመግዛት ይልቅ፣ ካሉት አንዱን የእኛን እንዲመስል አድርጎ ማደስ፣ ወይም ከእንጨትና ከቆርቆሮ አዲስ መሥራት ይሻላል እንላለን። የሚሠራው አይጠፋም፦ ፊት የእንፋሎቱ ሎኮሞቲቭ፣ ኋላ በወረራው ዘመን የመጣችው ሊቶሪና፣ ከዚያም በ1940ዎቹ ዓ.ም. እንፋሎቱን የተኩት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች፣ ከነፉርጎዎቻቸው።

ይህን ለመሥራት በባለጸጋ አገር መኖር ግድ አይደለም። የላስታ ልጅ ሽቦ አጣምሞ፣ ቆርኪ ቀጥቅጦ መንኰራኵር አድርጎ መኪና መሥራት ማንም ሳያስተምረው ያውቅበታል። የጐደለው ልኩ ብቻ ነው። የእንፋሎት ማሞቂያው ወርድ አንድ ሜትር ከ20 ሴንቲሜትር ነው ብንል፣ በ22.5 ሲካፈል ከ5 ሴንቲሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ይህም የትንሹ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ወርድ ያህል ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከ70 የኾነ ነጂ 7 ሴንቲሜትር ተኩል ይኾናል። ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው እንጨት ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይፈለጣል፤ ጠጠሩን የላሊበላ ቀይ ድንጋይ ራሱ ይሰጣል። ልጁ ማካፈልን በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ካየው ይልቅ በጣሳው ላይ ሲያየው አይረሳውም።

በላስታ ግቢ ውስጥ ትልቁ ችግር ዳገቱ ነው። የሚሽከረከር ባቡር በአንድ ሜትር ርዝመት ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ባይወጣ ይመረጣል፤ ከዚያ ካለፈ ጐማው ይንሸራተታል፣ ፉርጎዎቹም ወደ ኋላ ይጐትቱታል። የግቢያችን ቁልቁለት ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ ነው። መፍትሔውን ገበሬው አባት ቀድሞ ያውቀዋል፤ እርከን እንደሚሠራው ሁሉ ሐዲዱም ተዳፋቱን እየተከተለ በጐን ይዙር፣ በቀጥታ አይውጣ። የምድር ባቡር መሐንዲሶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የዝናሙ ውኃ የሚወርድበትን ቦይ ግን አስቀድሞ ማበጀት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የሐምሌ ዝናም አንድ ሌሊት ሁሉን ጠርጎ ይወስደዋል።

ስለ ልክ ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ በሙሉ በዚህ ልክ ቢሠራ 35 ኪሎሜትር ያህል ይኾናል፤ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደውን መንገድ ከእኩሌታው ጥቂት አልፎ ይሸፍናል ማለት ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ወርዱም ርዝመቱም 12 ሜትር ያህል ስለ ኾነ፣ በየወገኑ 53 ሴንቲሜትር ይኾናል፤ ልጅ በክንዱ ሊያቅፈው የሚችል ነው። መድኃኔ ዓለም ግን 33 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ስላለው አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ከልጁ ቁመት ይበልጥ ይኾናል። ልጆች እነዚህን ከጭቃ ወይም ከለስላሳ ድንጋይ ቢሠሩ መልካም ነው፤ ትልልቆቹ ግን ይህን ያስተውሉ። ቤተ ክርስቲያን መጫወቻ አይደለችም፤ አምሳያዋም ከሐዲዱ ራቅ ባለ ከፍ ባለ ስፍራ ይቀመጥ እንጂ የጣቢያ ጌጥ አይደረግ። በቅዳሴ ሰዓትም ባቡሩ ይቁም። የላሊበላን ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት ግን ከጣቢያው አጠገብ እንደ ልብ መሥራት ይቻላል፤ ያምራልም።

ስብስብ ያለው ቤት ደብተር ያስፈልገዋል። ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ አንድ ገጽ ይመደብለት፦ የትኛውን ዘመን እንደሚወክል፣ በየትኛው ጣቢያ እንደ ሠራ፣ ማን እንደ ነዳው። በድሬዳዋ ያደጉ፣ በምድር ባቡር ያገለገሉ፣ ወይም ለንግድ ከድሬዳዋ እስከ ለገሃር የተመላለሱ ዘመዶች ያሉት ቤተሰብ ሄዶ ይጠይቅ፣ ይጻፍም። ይህ ሊዘገይ አይገባም። የጠባቡ ሐዲድ ሥራ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ እየደከመ ሄዶ፣ በ2009 ዓ.ም. አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሰፊ ሐዲድ ተመርቋል፤ አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች በድሬዳዋ ጋራዥ ቆመዋል፤ የነዱአቸው ሰዎችም በዕድሜ ገፍተዋል። ብረቱ ከሰዉ ይልቅ ይቈያል።

የሰሜን ወሎ ልጆች ግን ስለ አዲሱም ይጠይቃሉ፤ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የታቀደውን መንገድ ስም ሰምተዋልና። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ በኋላ ጦርነት ጐድቶታል። የእርሱ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ነው። ሐራ ገበያን በግቢው ሊሠራ የሚሻ ልጅ ይህን በ22.5 ሲያካፍለው 64 ሚሊሜትር ያህል ያገኛል፤ ስለዚህ በ45ቱ ሐዲድ ላይ ሊያስኬደው አይችልም፤ ጐን ለጐን ሁለተኛ መንገድ መዘርጋት አለበት፤ ተሳፋሪውም በጣቢያው ወርዶ ባቡር ይለውጣል።