ጥሩ ሰዓት ማለት ምን ማለት ነው?



ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ በመኝታ ቤቶቻችንና በሻይ ቤቱ አንድ ክርክር ተነሥቶ አልበርድ ብሎአል። ነገሩ የብስክሌት ነገር ነው። ተማሪዎች በሚያስቡት የክሮኖ ሜትር ውድድር ላይ «40 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት መጨረስ የማይችል በመነሻው ላይ አይቁም» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ቁጥሩ ድፍን ስለ ሆነ ለጆሮ ይጥማል፤ ደጋፊም አላጣም። እኛ ግን ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ፣ ለየትኛው መንገድና ለየትኛው ብስክሌት እንደ ተቆረጠ ሳይጠየቅ የብዙ ልጆች በር ሊዘጋበት አይገባም እንላለን።

የክሮኖ ሜትር ውድድር እንደሚታወቀው በጅምላ የሚደረግ ግልቢያ አይደለም። ተወዳዳሪዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት ለየብቻ ይለቀቃሉ። ከሰው ጀርባ ተጠግቶ ከነፋስ መከለል ክልክል ነው። ዳኛው ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ዓይነት ውድድር በእንግሊዝ አገር የተጀመረው በ1888 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1895) ሲሆን ዋናው አሳቢው ፍሬደሪክ ቢድሌክ ይባል ነበር። በጅምላ የሚሮጡ ብስክሌተኞች ከፖሊስ ጋር ስለ ተጣሉ አንድ በአንድ፣ ማልደው፣ ዓይን የማይስብ ጥቁር ልብስ ለብሰው ይሮጡ ጀመር። የሚሮጡበትን መንገድ ስም እንኳ በምስጢር ፊደል ይጽፉት ነበር። እዚያ ከተለመዱት ርቀቶች አንዱ 25 ማይል ማለት ከ40 ኪሎ ሜትር በጥቂቱ የሚበልጥ ነው። ይህንንም ከአንድ ሰዓት በታች የጨረሰ የክበብ ብስክሌተኛ በጓደኞቹ ዘንድ ይከበራል። እንግዲህ የእኛ ወዳጆች ያመጡት ቁጥር ይህ ነው። ነገር ግን በዚያው አገር በሰዓት 20 ማይል የሚሄድ፣ ማለትም ያንኑ መንገድ በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የሚጨርስ ጀማሪም የሚያሳፍር ሰው አይደለም፤ ከመነሻውም አያባርሩትም። ከ50 ደቂቃ በታች የገባ ሰው እስኪገኝ ድረስ እስከ 1970 ዓ.ም. ተጠብቆአል፤ አልፍ ኤንገርስ በ49 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ገባ።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ። ከከተማችን እስከ ጫጫ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ከእንግሊዞቹ 25 ማይል ጋር ይቀራረባል። ይሁን እንጂ ርቀቱ ተቀራረበ ማለት መንገዱ አንድ ሆነ ማለት አይደለም። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከሩብ በላይ ይሳሳል። የሳሳ አየር ብስክሌተኛውን በቀላሉ ያሳልፈዋል፤ ኤዲ መርክስ በ1965 ዓ.ም. የአንድ ሰዓቱን ክብረ ወሰን (49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር) ለመስበር እስከ ሜክሲኮ ከተማ ድረስ የሄደው ለዚሁ ነው። ያችም ከተማ ከእኛዋ ወደ 600 ሜትር ገደማ ታንሳለች! ግን ያው የሳሳ አየር ለሳንባም ይሳሳል። ከቆላ የመጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በመጀመሪያው ወር ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ስለ ሰነፈ አይደለም። ስለዚህ በእኛ ሜዳ የተገኘ ሰዓት ከእንግሊዝ ሰዓት ጋር ጎን ለጎን ቢጻፍ አንዱ ስለ ሌላው የሚነግረን እምብዛም ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ነፋሱ ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለበት ከተማ ልጆች ስለ ብርድና ስለ ነፋስ አስተማሪ አያስፈልገንም። ሆኖም ብዙዎች «ሲሄድ ከገፋው ሲመለስ ይይዘዋል፤ ይጣፋል» ይላሉ። አይጣፋም። አንድ ልጅ ነፋስ ከኋላው ሆኖ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት 40 ቢሄድ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሲመለስ ነፋሱን ተጋፍጦ በ24 ፍጥነት ቢሄድ 50 ደቂቃ ነው። ድምሩ 80 ደቂቃ፣ አማካይ ፍጥነቱም 30 ነው እንጂ የ40ና የ24 መካከል የሆነው 32 አይደለም። በቀርፋፋው ግማሽ ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚቆይ ነፋሱ ከሰጠው አብልጦ ይወስድበታል። ጧት ውርጭ ባለበት ሰዓት ነፋስ ቢረጋም አየሩ ይከብዳል፤ በሦስት ዲግሪ ቅዝቃዜ በመቶ አንድ ያህል። ያለ ቀኑና ያለ ነፋሱ የተጻፈ ሰዓት ግማሽ ወሬ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የብስክሌቱ ነገር ነው። በግቢያችን መሪው ወደ ታች የታጠፈ ቀላል የውድድር ብስክሌት ያላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀረነው ከባድ የብረት ብስክሌት ላይ ቀጥ ብለን ተቀምጠን፣ ካቴናው እየጮኸብን፣ ከጋሪና ከባጃጅ መካከል የምንነዳ ነን። አንዳንዶችም፣ በተለይ እኅቶቻችን፣ ተውሰው ነው የሚነዱት። በሜዳ ላይ የሚገታን ዋናው ነገር አየር ነው። አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኀይል ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። በ30 የሚሄድ ልጅ 40 ሊደርስ ቢፈልግ ከሁለት እጥፍ በላይ ኀይል ማውጣት አለበት። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ በውድድር ብስክሌት ላይ ተጎንብሶ ከተጣጠፈው ሰው ሁለት እጥፍ ያህል አየር ይጋፈጣል። እነዚህን ብናዛምዳቸው፣ በግምትም ቢሆን፣ በብረቱ ብስክሌት 80 ደቂቃ የፈጀበት ልጅ በተዋሰው የውድድር ብስክሌት 64 ደቂቃ ከፈጀበት ልጅ ጋር በጉልበት እኩል ነው። የአንድ ሰዓቱ ድንበር እንግዲህ የሚለየው ብርቱውን ከደካማው ነውን? ወይስ አባቱ ብስክሌት የገዛለትን ካልተገዛለት?

የአገራችን ብስክሌተኞች ከእኛ በፊት ትልቅ ሰዓት ፊት ቆመዋል። በ1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ የ100 ኪሎ ሜትር የቡድን ክሮኖ ሜትር ሲደረግ ገረመው ደንቦባ ያለበት የኢትዮጵያ ቡድን ተሰልፎ ነበር። ያሸነፉት ጣልያኖች በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ33 ሴኮንድ ገቡ። ይህን ቁጥር ብቻ ያነበበ ሰው ቀኑ ብርቱ ሙቀት እንደ ነበረና ዴንማርካዊው ክኑድ ኤነማርክ የንሰን በዚያው ውድድር ከብስክሌቱ ወድቆ ሕይወቱ እንዳለፈ አያውቅም። ይህን ያነሣነው ለማስፈራራት አይደለም። ነገር ግን የጭነት መኪና በሚበርርበት በደሴ መንገድ ላይ አንድን ጀማሪ «አንድ ሰዓት ካልገባህ ሰው አይደለህም» ብሎ መልቀቅ ምን እንደሚያስከትል ይታሰብበት።

ከተቃዋሚዎቻችን አንድ እውነተኛ ነገር ሰምተናል። መንገዱን የሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች እስኪመሽ ሊቆሙ አይችሉም ይላሉ። ልክ ነው። ስለዚህ የመዝጊያ ሰዓት ይኑር፤ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከተለቀቀበት ጀምሮ ሁለት ሰዓት ይበቃል። የመዝጊያ ሰዓት መንገድን ለመዝጋት ነው፤ ሰውን ከመነሻው ለመመለስ አይደለም።

«እናንተስ ጥሩ የምትሉት ስንት ነው?» ለሚሉን ሳንሸሽ እንመልስ። ጫጫ ደርሶ ለመመለስ፣ ነፋሱ መካከለኛ በሆነ ቀን፣ በብረት ብስክሌት 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ የሚያስከብር፣ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ጥሩ ነው። በውድድር ብስክሌት 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ጥሩ፣ 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ እጅግ ጥሩ ነው። ከአንድ ሰዓት በታች የገባውን እጁን እንጨብጠዋለን፤ ከዚያም ብስክሌቱን እናያለን። ይህም የእኛ ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ትክክለኛውን መለኪያ የሚሰጠን መንገዱ ራሱ ነው፤ ሠላሳ ልጆች አንድ ጧት ከሮጡበት ከመካከል የወጣው፣ አሥራ አምስተኛውና አሥራ ስድስተኛው ላይ ያለው ሰዓት፣ ከማናቸውም ከውጭ ከተቀዳ ቁጥር ይልቅ ይነግረናል።

ስለዚህ የስፖርት ኮሚቴውን የምንለምነው ብዙ አይደለም። መንገዱ በመኪና ቆጣሪ ብቻ ሳይሆን በሜትር ገመድ ይለካ፤ መመለሻውም በኖራ ይሰመር። የብረትና የውድድር ብስክሌቶች ዝርዝር ለየብቻ ይሁን። በሰሌዳው ላይ ከስምና ከሰዓት ጎን የብስክሌቱ ዓይነት፣ የነፋሱ አቅጣጫና የመነሻው ሰዓት ይጻፍ። ከወር በኋላ እነዚያው ልጆች በዚያው መንገድ ይደገሙ፤ የሁለቱም ቀን ሰዓት በአንድ መስመር ላይ ይለጠፍ። የፊዚክስ መምህራኖቻችን ነፋስ መለኪያ ቢያውሱን ሁለት ተማሪ መድበን እንጠብቅላቸዋለን፤ ሳይሰበርም እንመልሳለን።