ዝም ብላችሁ ቀለም ቀቡ!

ለሕፃናት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ እናስተምራለን የሚሉ ሰዎች በሁለት ጎራ ተከፍለው ሲወቃቀሱ ይኖራሉ። የፊተኞቹ «ቃለ እግዚአብሔር መጫወቻ አይደለም» ባዮች ናቸው። ልጁን እግሩ መሬት በማይነካበት አግዳሚ ወንበር ላይ ሰቅለው አንድ ሰዓት ሙሉ የዐሥራ ሁለቱን ነገድ ስም ያስደግሙታል። የኋለኞቹ ደግሞ ዘመናዊ ነን ይላሉ። በፎቶ ኮፒ የተባዛ ሥዕልና ጫፉ የዶለዶመ ባለቀለም እርሳስ ያድሉና «በሉ ዝም ብላችሁ ቀለም ቀቡ!» ብለው ጥግ ይይዛሉ። ሁለቱ ወገኖች ዓይንና ናጫ ናቸው። እኔ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው ባይ ነኝ። ሁለቱም ከልጁ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ጸጥ እንዲል።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። ካለፈው ዓመት ወዲህ በአዲስ አበባ የኦርቶዶክሱንም የወንጌላውያኑንም የሕፃናት ክፍሎች በየሰንበቱ እየዞርኩ አይቻለሁ። ስም አልጠራም፤ በሽታው የአንድ አጥቢያ አይደለምና። ከሁሉ በላይ ደጋግሜ ያየሁት የኖኅን መርከብ ነው። መርከቢቱ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ እምብዛም አትበልጥም። ቀጭኔዋ አንገቷን በጣሪያው አውጥታ ትስቃለች። ኖኅ ቀይ ጉንጭ ያለው የፈረንጅ ሽማግሌ ነው፤ የጥፋት ውሃ ቀርቶ ካፊያ እንኳ የነካው አይመስልም። በአንደኛው ክፍል፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ እርሳሱን አስቀመጠና «ሌሎቹ ልጆችስ የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀ። መርከቢቱ ውስጥ ያልገቡትን ማለቱ ነው። መምህርቷ «አንተ መጀመሪያ ቀጭኔዋን ጨርስ!» አለችው። ጨረሰ። የሃይማኖት ሊቃውንት ለዘመናት ሲጨነቁበት የኖሩትን ጥያቄ ያነሳ ልጅ ቢጫ ቀለም ሲቀባ ቆይቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

አሁን ያንኑ ታሪክ በሌላ መንገድ እንየው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 የመርከቢቱን ልክ ይነግረናል፤ ርዝመቷ 300 ክንድ፣ ወርዷ 50፣ ከፍታዋ 30። ክንድ የባዕድ ምሥጢር አይደለም። ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ያለው ነው፤ አያቶቻችን ሸማ የገዙበት፣ ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ ገበያ መውጣት እንደ ብልሃት የሚቆጠርበት መለኪያ። እንግዲያው አንድ ጥቅል ሲባጎ ይምጣና ልጆቹ በየተራ በገዛ ክንዳቸው ይለኩ። ጠብ ይነሳል፤ «የእሱ አጭር ነው፣ በእኔ ይለካ» ይባላል። ይነሳ! ከ300 ሳይደርሱ ግቢው ያልቅባቸዋል፤ ሲባጎውን አጥፈው መመለስ ግድ ይሆናል። በአዋቂ ክንድ ከሆነ 135 ሜትር ገደማ ነው፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ይረዝማል። ከፍታዋ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ያህላል። ይህን በእጁ የለካ ልጅ ማን አገዘው፣ ስንት ዓመት ፈጀ፣ ጎረቤቶቹ ምን አሉት፣ ያን ሁሉ ቦታ ይዞ ሌላ ሰው ለምን አላስገባም ማለቱ አይቀርም። እጅ ሲሠራ አፍ ይከፈታል። የእኛም ፍርሃት እዚሁ ላይ ነው። መልሱን ስላልተዘጋጀንበት አፉ እንዲከፈት አንፈልግም፤ ቀለም መቀባት ደግሞ አፍ አያስከፍትም።

ወደ ፊተኞቹ ልመለስ። ቃሉ መጫወቻ አይደለም ላሉት መጽሐፉ ራሱ ይመልስላቸው። በዘፀአት ምዕራፍ 12 የፋሲካው ራት ወገብ ታጥቆ፣ ጫማ ተጫምቶ፣ በትር ጨብጦ፣ በጥድፊያ እንዲበላ ታዘዘ። እዚያው ምዕራፍ ላይ ልጆች ይህን ሥርዓት አይተው ምን ማለት ነው ብለው እንደሚጠይቁ፣ ወላጅም ምን ብሎ እንደሚመልስ ተጽፏል። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ሰዎቹ ዮርዳኖስን ሲሻገሩ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ያወጣሉ። ምክንያቱ ያው ነው፤ ነገ ልጆች ድንጋዩን አይተው ይጠይቃሉ። ሕዝቅኤልማ ጭራሽ የባሰ ነው። በምዕራፍ 4 ላይ ያ ትልቅ ነቢይ ጡብ አምጥቶ ኢየሩሳሌምን እንዲሥልበት፣ ዙሪያዋን አፈር እንዲደለድል፣ የብረት ምጣድ በራሱና በከተማዋ መካከል እንደ ግንብ እንዲያቆም ታዘዘ። ዛሬ አንድ ወጣት መምህር ይህንኑ ከልጆች ጋር ግቢ ውስጥ ሲሠራ ቢገኝ ኮሚቴ ተቀምጦ ይገሥጸው ነበር።

ደግሞስ ነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ ነው እንዴ? በቅዳሜ ሹር ካህናት ቄጤማ ያድላሉ፤ ሕዝቡም ራሱ ላይ ያስራል። የጥፋት ውሃ መጉደሉን ያበሠረችው የኖኅ እርግብ መታሰቢያ ነው። (በመጽሐፉ እርግቢቱ ያመጣችው የወይራ ቅጠል ነው፤ እኛ ዘንድ ቄጤማ ሆነ፤ ለምለም መሆኑ ይበቃል።) በሆሣዕና ልጆች ዘንባባ ሰንጥቀው ቀለበትና መስቀል ይጎነጉናሉ። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን እስራኤላውያን ከግብጽ በችኮላ የወጡበት መታሰቢያ ነው ይባላል። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ጅራፍ ይጮኻል፤ በታቦር ተራራ የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው። ችቦው የብርሃኑ ነው። ሙልሙሉ ደግሞ ሌሊቱ ቀን መስሏቸው ከከብቶቻቸው ጋር በዚያው ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው የወሰዱላቸው ዳቦ ነው። አንድ ታሪክ በጆሮ፣ በዓይን፣ በእጅና በሆድ! የፔዳጎጂ ምሁር ቁጭ ብሎ ቢያቅድ ከዚህ የተሻለ ይዞ የሚመጣ አይመስለኝም። እኛ ግን ይህን ሁሉ በጓዳችን አስቀምጠን የፈረንጅ ሥዕል ፎቶ ኮፒ እናስደርጋለን።

ባለፈው ቡሄ ደጃፌ ላይ ጅራፍ ሲያጮኹ የነበሩ ልጆችን ለምን እንደሚያጮኹ ጠየቅኋቸው። «ባህላችን ነዋ!» አሉኝ። ታቦርን አያውቁም ማለት አይደለም። ከመካከላቸው አንዱ ጠየቅ ሳደርገው ጴጥሮስን፣ ያዕቆብን፣ ዮሐንስን፣ ሙሴንና ኤልያስን ሳይሳሳት ቆጠረልኝ። ጅራፉና ታቦር ግን በልጁ ራስ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ታቦርን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሸመደደ፤ ጅራፉን መንገድ ላይ ተማረ። ጅራፉን ይዞ ወደ ክፍል ቢገባ የሚጠብቀው ቁጣ ነው።

ወንጌላውያኑ ወዳጆቼ «እኛ ይህን የበዓል ሥርዓት አንከተልም» ይሉኛል። ይሁን። ጭቃና ሊጥ ግን የማንም ሃይማኖት አይደሉም። የሚሠሩበት መምሪያ ከውጭ ተተርጉሞ የመጣ ነውና እያንዳንዱ ልጅ ሁለት የመጸዳጃ ወረቀት ካርቶን፣ አንድ የእንቁላል መያዣና ጥጥ ይዞ እንዲመጣ ያዛል። እንቁላል በፍሬ ከሱቅ ለሚገዛ ቤተሰብ ልጅ ይህ ትእዛዝ ከራሱ ከምሳሌው ይከብዳል። በአንጻሩ በማቴዎስ ምዕራፍ 13 ያለው የእርሾ ምሳሌ የማን ጓዳ ውስጥ የለም? ልጁ በሁለት ጣሳ ሊጥ ይያዝ፤ አንዱን እርሾ ይጨምርበት፣ ሌላውን ይተወው። ማታ ከድኖት ይደር፤ ጠዋት ይክፈተው። እርሾው የት እንደገባ ፈልጎ ማውጣት ይሞክር። የሰናፍጭዋን ቅንጣትም መዳፉ ላይ አስቀምጦ ይያት፤ እፍ ቢላት እንደምትጠፋ ከዚያ በኋላ አይነገረውም። ዳዊትንና ጎልያድንም እንዲሁ። የከተማ ልጅ ዳዊት የወነጨፈው ባላ ላይ በታሰረ ላስቲክ ይመስለዋል፤ አንዳንዱ ሥዕልም እንደዚያው ነው። ገበሬው ወፍ የሚጠብቅበትን፣ ከገመድ የተጎነጎነውን ወንጭፍ አንድ ጊዜ በእጁ ቢይዝ ድንጋዩ ለምን ድቡልቡል መሆን እንዳለበት፣ ለምንስ ከወንዝ እንደተለቀመ ራሱ ይደርስበታል።

ፈረንጅን ካልጠቀሱ አይሰማም ለሚሉኝም ልጥቀስ። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ባርሴሎና ውስጥ ባቋቋመችው የሃይማኖት ትምህርት ሙከራ ልጆቹ ስንዴና ወይን በእጃቸው ተክለው ለቅዳሴው ኅብስትና ጽዋ እንዲያቀርቡ ታደርግ ነበር። የእሷን መንገድ ተከትለው ሶፊያ ካቫሌቲ የተባለች የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁርና ጂያና ጎቢ የተባለች የሞንቴሶሪ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1954 ሮም ውስጥ ከሕፃናት ጋር በትናንሽ የእንጨት ቅርጾች፣ በእረኛና በበጎቹ፣ ምሳሌዎቹን ማስተማር ጀመሩ። ልብ በሉ፤ ቅርጹ የተሠራው ልጁን ለማባበል ሳይሆን ልጁ ቀስ ብሎ እያነሳና እያስቀመጠ እንዲያስብ ነው። እኛ ከውጭ ስንቀዳ እንኳ የቀዳነው አተላውን ነው።

ጸጥታ የግድ ካስፈለገ ኢያሪኮ አለላችሁ! ሕዝቡ ስድስት ቀን በቀን አንድ ጊዜ፣ በሰባተኛው ቀን ሰባት ጊዜ ከተማዋን ዞረ፤ እልል በሉ እስኪባል ድረስም ድምፅ ማሰማት ተከልክሎ ነበር። በሰባት ሰንበት ይሠራ። በየሳምንቱ ልጆቹ ግቢውን አንድ ጊዜ ትንፍሽ ሳይሉ ይዙሩ። በሦስተኛው ሳምንት «ለምንድን ነው ግን የምንዞረው?» ማለት ይጀምራሉ፤ በአራተኛው ይሰለቻሉ። ያ መሰልቸት ነው ታሪኩ። የኢያሱ ሰዎችም ምንም ስንጥቅ ባላዩበት ግንብ ዙሪያ ተመላልሰዋል። በሰባተኛው ሰንበት እልልታው ሲለቀቅ ጎረቤት ቢደነግጥ ይቅርታ ይጠየቃል።

በእጅ ይሠራ ስል ግን ሁሉም ይሠራ ማለቴ አይደለም። አንድ ቦታ ይስሐቅን የሚጫወት ልጅ አግዳሚ ላይ አጋድመው በገመድ ሲያስሩት፣ ትልቁ ልጅ የፕላስቲክ ቢላዋ ይዞ ሲቆምበት አይቻለሁ። ወላጆች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ነበር። የታሰረው ልጅ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ አለቀሰ፤ ማልቀሱም ጥሩ ትወና ተብሎ ተጨበጨበለት። ይህ ትምህርት ሳይሆን ነውር ነው። ዘፍጥረት 22 ይስሐቅ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ተራራው እንደወጣ ይነግረናል። እንጨቱን ተሸክሞ ዳገቱን ይውጣ፤ ለአንድ ሕፃን ከበቂም በላይ ነው። ቀሪውን መምህሩ በቃሉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይንገረው።

«ገንዘብ የለንም» የሚለውን ሰበብ አልቀበልም፤ ከላይ ከዘረዘርኩት ውስጥ ከሲባጎ በቀር የሚገዛ ነገር እምብዛም የለበትም። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው። የሕፃናት ክፍል የሚሰጠው ትናንት ለመጣው አገልጋይ ነው። ድምፀ መልካሙ ወደ መዘምራን ይሄዳል፣ አንደበተ ርቱዑ ወደ ስብከት፣ ሒሳብ የሚያውቀው ወደ ኮሚቴ። የቀረችው የ19 ዓመት ልጅ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ሥልጠና፣ ከ60 ሕፃን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይዘጋባታል። ቀጭኔዋን ጨርስ ብትል እሷ ላይ አልፈርድም፤ የምፈርደው በሩን ዘግተውባት በሄዱት ላይ ነው።

የአንድ አጥቢያ መዘምራን ለበዓል አዲስ ልብስ ሲያሰፉ ልብስ ሰፊው ቤት ደርሼ ነበር። ቁርጥራጩ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ጥግ ቆሟል፤ ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ወርቀ ዘቦ አለ። ምን ታደርጉታላችሁ ብዬ ኃላፊያቸውን ጠየቅሁት። «ይጣላል» አለኝ። የዚያው አጥቢያ ሕፃናት በዚያ ሰሞን የሚማሩት ስለ ዮሴፍ ነበር፤ ኅብረ ቀለማሟን ቀሚሱን ወረቀት ላይ ቀለም እየቀቡ።