ስለ ጥገና ክፍል መሣሪያ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በየመሥሪያ ቤቱ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ክፍል ስላሉት የእጅ መሣሪያዎች ጥቂት ቃል እንድናገር ይፈቀድልኝ።

የግዢ ክፍሎቻችን የብየዳ ካውያ ሲገዙ ማስቀመጫውን እንደ ትርፍ ዕቃ ቆጥረው ይተዉታል። እስከ 350 ዲግሪ የሚግለው ካውያ እንግዲህ የሚጋደመው በወረቀት ላይ ነው! ጫፉ ሲጠቁርም በሞረድ ይፋቃል፤ መዳቡን የሸፈነው ስስ ልባስ ከተነሣ ግን ዕድሜው አጭር ነው። እርጥብ ስፖንጅ ይበቃው ነበር።

ይልቁንም የሚያሳስበኝ የሠራተኛው ጤና ነው። እርሳስ ባለበት በተለመደው የብየዳ ሽቦ ውስጥ ከ100 እጅ 40 ያህሉ እርሳስ ነው። ብዙ ሰው ጢሱን እርሳስ ነው ብሎ ይፈራል። ጢሱ በአብዛኛው የሙጫው ነው፤ እርሱም ሳንባን ይጎዳልና መስኮት ይከፈት። እርሳሱ ግን የሚገባው በእጅ ነው፤ ሳይታጠብ ዳቦ የሚቆርስ ጠጋኝ ከነዳቦው ይበላዋል፤ በልብሱም ለልጆቹ ይወስድላቸዋል።

እጀታው ፕላስቲክ የለበሰ ፒንሳ ሁሉ 220 ቮልት ይከላከላል ማለትም ከንቱ እምነት ነው። የ1000 ቮልት ምልክት በሌለው ፒንሳ፥ ኤሌክትሪኩ ሳይነቀል ምንም አይነካ።

ስለዚህ የንብረት ክፍል ኃላፊዎች ማስቀመጫ፥ ምልክት ያለበት ፒንሳና ሳሙና በሚቀጥለው በጀት እንዲያስገቡ እለምናለሁ። ሳሙና ተጠየቀ ብሎ የሚስቅ እንዳይኖር አደራ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ