ነጻ መሣሪያ ለቤተ መጻሕፍት፤ ጥቅሙና ጥንቃቄው

የቤተ መጻሕፍት ሥራ ብዙ ሰው እንደሚገምተው መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ መስጠትና ሲመለስ ተቀብሎ በቦታው ማኖር ብቻ አይደለም። የባለሙያው ዋና ተግባር አንባቢንና ለአንባቢው የሚበጀውን ጽሑፍ ማገናኘት ነው። ይህንንም ተግባር ለመፈጸም በየዘመኑ የተለያየ መሣሪያ ሲጠቀም ኖሯል። አሜሪካዊው ሜልቪል ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው የአመዳደብ ዘዴ የዕውቀት ዘርፎችን በቁጥር ከፋፍሎ መጻሕፍትን በየዓይነታቸው ለማስቀመጥ ረድቷል። ከዚያም በእንጨት መሳቢያ ውስጥ በፊደል ተራ የሚደረደሩት ካርዶች አንባቢው መጽሐፉን በደራሲ፣ በርእስ ወይም በጉዳይ እንዲፈልግ መንገድ ከፍተዋል። ዛሬ የመሳቢያውን ሥራ ኮምፒዩተር እየተረከበው ሲሆን፣ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚገኙ መሣሪያዎችም ከቀን ወደ ቀን እየበዙ ሄደዋል። ስለሆነም ዛሬ ለባለሙያው የሚቀርበው ጥያቄ መሣሪያ ከየት ይገኛል የሚለው ሳይሆን፣ ከተገኘው ውስጥ የትኛው ይያዝ፣ የትኛውስ ይተው የሚለው ነው።

የነዚህ መሣሪያዎች ጥቅም አሌ የሚባል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ማይክል ሃርት የተባለ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የአሜሪካንን የነጻነት መግለጫ በኮምፒዩተር ጽፎ ለሌሎች ተጠቃሚዎች አቀረበ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው የመጻሕፍት ስብስብ የተጀመረው በዚህ ዓይነት ነበር፤ ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት ያለ ዋጋ ይነበቡበታል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ዊኪፔዲያም በበጎ ፈቃደኞች ብዕር በብዙ ቋንቋዎች የሚጻፍ መዝገበ ዕውቀት ለመሆን በቅቷል። ለኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪም የተከፈተ በር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው በሂል ተቋም ይጠበቃሉ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ዛሬ በስም ተመዝግቦ ለሚጠይቅ ሁሉ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይታያሉ። ቀድሞ ረጅም ጉዞና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ የነበረውን ብራና አንድ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሊያየው መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች ሲሰነዘሩ ይሰማል። የመጀመሪያው፣ «ሁሉም ነገር በኢንተርኔት በነጻ ከተገኘ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ይህ አባባል የመረጃን መብዛት ከዕውቀት ጋር ያደባልቃል። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዳሉት፣ አንድ ጽሑፍ መገኘቱ ብቻ እውነተኛነቱን አያረጋግጥም። ማን ጻፈው? መቼ ተጻፈ? በምን ማስረጃ ላይ ቆመ? ብሎ መጠየቅን አንባቢ ከሰው ይማራል። ከዚህም ሌላ ባለሙያው በስብስቡ ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን የሌለውንም ያያል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲያገለግሉ፣ በአማርኛ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት እንደሌሉ አስተዋሉ። ጉድለቱን አይተው ዝም አላሉም፤ ለሕፃናት መጽሐፍ አዘጋጁ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። የመፈለጊያ መሣሪያ የተጠየቀውን ይፈልጋል እንጂ፣ ልጆች የሚያነቡት በማጣታቸው አያዝንም።

ሁለተኛው የተሳሳተ አስተያየት ደግሞ፣ «ነጻ ከሆነ ሁሉንም መውሰድ ነው» የሚለው ነው። እዚህ ላይ «ነጻ» የሚለው ቃል ራሱ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል። ቃሉ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናልና።

የመጀመሪያው ዓይነት ነጻ መሣሪያ፣ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት የሆነና የተቀበለው ሰው እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላውም እንዲያካፍለው የተፈቀደለት ነው። ለዚህ ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በኒውዚላንድ ሆሮዌኑዋ በተባለ አካባቢ የሚገኙ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩበት የነበረው የኮምፒዩተር ሥርዓት እ.ኤ.አ. የ2000ን መግባት የማይቋቋም ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሌላ አሠሩ፤ ከጥር 2000 ጀምሮም ሥራ ላይ አዋሉት። ነገር ግን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም፤ ማንም ቤተ መጻሕፍት እንዲገለገልበት ለቀቁት። ኮሃ በማኦሪ ሕዝብ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት፣ የቅጂ መብቱ ዘመን ያለፈበት ወይም ባለመብቱ ራሱ የፈቀደው ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ግን ዋጋ የማይጠየቅበት፣ ነገር ግን የአንድ ኩባንያ ንብረት የሆነ አገልግሎት ነው። ይህኛው በገንዘብ አይከፈልበትም እንጂ ክፍያ የለውም ማለት አይደለም። ተጠቃሚው ስሙን፣ አድራሻውን፣ የሚፈልገውንና የሚያነበውን ሁሉ እያስመዘገበ ይከፍላል። ባለሙያው እነዚህን ሦስቱን ሳይለይ «ነጻ ነው» ብሎ ቢቀበል፣ ስጦታውንና ወጥመዱን በአንድ ከረጢት መጨመሩ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም መሣሪያ ወደ ቤተ መጻሕፍት ከመግባቱ በፊት አራት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል።

አንደኛ፣ መሣሪያው ነገ ቢዘጋ ምን ይቀራል? ጉግል ሪደር የተባለው የድረ ገጾችን አዳዲስ ጽሑፎች በአንድ ቦታ ሰብስቦ ያቀርብ የነበረ አገልግሎት ብዙ ተጠቃሚዎች ነበሩት፤ ሆኖም ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2013 ዘጋው። ለበጎ ዓላማ የቆሙ ድርጅቶችም ቢሆኑ ከአደጋ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ በጥቅምት 2024 በኮምፒዩተር ጥቃት ደርሶበት ለቀናት አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር። የመጻሕፍቱ ዝርዝር ሙሉ በሙሉ በሌላ ሰው ቤት የተቀመጠ ቤተ መጻሕፍት የባለቤቱ በር በተዘጋ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ የመዝገቡ ቅጂ ምንጊዜም በእጅ ሊኖር ይገባል።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ከአንባቢው ምን ይወስዳል? አንድ ወጣት ስለ ደረሰበት ሕመም ለማወቅ የሕክምና መጽሐፍ ቢዋስ፣ ያንን ሊያውቅ የሚገባው እሱና ያዋሰው ባለሙያ ብቻ ናቸው። የተዋሾች ስምና የወሰዱት መጽሐፍ ዝርዝር በማይታወቅ ኩባንያ መዝገብ ላይ ቢሰፍር፣ ቤተ መጻሕፍቱ የተጣለበትን አደራ በልቷል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን ማውጣቷ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም መሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ያቀረበው ጽሑፍ የማን ነው? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። ዛሬ ብዙ የአማርኛ ልቦለዶች ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ እየተነሡ በቴሌግራም ያለ ፈቃድ ይሠራጫሉ። አንባቢው ድኻ መሆኑ፣ የመጽሐፍም ዋጋ መናሩ እውነት ነው፤ ይህን ችግር መካድ አይገባም። ነገር ግን ደራሲው ዓመታት የደከመበትን ሥራ በአንድ ምሽት ለሺህ ሰው ማደል የንባብን ፍቅር ማስፋፋት ሊባል አይችልም። ደራሲው ከሥራው ካላደረ ቀጣዩ መጽሐፍ አይጻፍም፤ ቀጣዩ መጽሐፍ ካልተጻፈ ደግሞ ተጎጂው ራሱ አንባቢው ነው። ለድኻው አንባቢ መፍትሔው አንድን መጽሐፍ ገዝቶ ለመቶ ሰው በየተራ ማዋስ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት የተፈጠረውም ለዚሁ ነው።

አራተኛና ምናልባትም ከሁሉ የሚረሳው ጥያቄ፣ መሣሪያው የአገሩን ፊደል፣ ስምና ዘመን ያውቃል ወይ? የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ አማርኛን በማናቸውም ኮምፒዩተር መጻፍ ቢቻልም፣ ችግሩ ሁሉ አልተወገደም። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በአነጋገር አንድ ሲሆኑ፣ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ «ሀዲስ ዓለማየሁ» ተብሎ የተመዘገበውን ደራሲ «ሐዲስ አለማየሁ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ «የለም» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል!

የስሙም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዞቴሮ የተባለው ነጻ መሣሪያ የምርምር ዋቢዎችን ለመሰብሰብና ለማደራጀት በእጅጉ ይረዳል። ነገር ግን እንደ ብዙዎቹ የውጭ መሣሪያዎች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። በኢትዮጵያ ልማድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። በመሆኑም ደራሲው «ዓለማየሁ» በሚል ስም ስር ሊገኝ ይሆናል። መሣሪያው ስሙን ሳይከፍሉ በአንድ ሳጥን ለመጻፍ የሚያስችል ምርጫ ስላለው ባለሙያው ይህን አውቆ ለተማሪዎች ማሳየት ይችላል። የዘመን አቆጣጠሩም ቢሆን ያሳስታል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ ሲባል፣ ዓመቱን እንዳለ የመዘገበ የውጭ መሣሪያ መጽሐፉን ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የታተመ ያስመስለዋል። እነዚህን ስሕተቶች የሚያርመው ቋንቋውንና ባህሉን የሚያውቅ ባለሙያ ነው እንጂ መሣሪያው ራሱ አይደለም።

«ኢንተርኔት በሌለበት ወይም መብራት በሚጠፋበት ትምህርት ቤት ይህ ሁሉ ምን ይረባል?» የሚል ጥያቄም ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለዚህም መላ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኪዊክስ የተባለ ነጻ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያንና ሌሎች ጽሑፎችን በኮምፒዩተር ላይ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ባለሙያው መሥመር ባለበት ከተማ አንድ ጊዜ ቀድቶ ካመጣው፣ መሥመር በሌለበት ትምህርት ቤት ብዙ ተማሪዎች ሊያነቡት ይችላሉ። ይህም ቢሆን ቅጂው በየጊዜው ካልታደሰ መረጃው እያረጀ ስለሚሄድ ተከታታይ ሥራ ይጠይቃል። የካርዱን መሳቢያም ቢሆን አቃጥሎ መጣል አይገባም፤ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚያገለግል እሱ ነውና።

በመጨረሻም የነጻ መሣሪያ ነገር ሲነሣ የማይዘነጋ አንድ ግዴታ አለ። የኢትዮጵያ ገበሬ ደቦና ወንፈል ያውቃል። ጎረቤቶቹ እርሻውን ሲያርሱለት ወይም ሰብሉን ሲያጭዱለት ደመወዝ አይጠይቁትም። ነገር ግን የነሱ ተራ ሲደርስ ማጭዱን ይዞ መሄድ አለበት፤ የቀረ እንደሆነ በሚቀጥለው ዓመት ማሳውን ብቻውን ያጭዳል። የማኦሪ ሕዝብም ኮሃ የሚለው ስጦታ ተቀባዩን ውለታ መላሽ ያደርገዋል። ዊኪፔዲያና ኮሃ የተሠሩት በዚሁ ዓይነት የጋራ ጉልበት ስለሆነ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ለነሱም ይሠራል።

ዳሩ ግን ከዚህ ደቦ ሲበላ እንጂ ሲያጭድ የማይታየው ብዙ ነው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲገኙ፣ በአማርኛው ያሉት ወደ 15,000 የሚጠጉ ብቻ ናቸው። ይህን ልዩነት የሚያጠበው የውጭ ሰው አይደለም። አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስለ ወረዳው ታሪክ ከታመነ ምንጭ አንድ ጽሑፍ ቢያዘጋጅ፣ የተሳሳተ የደራሲ ስም ቢያርም፣ ተማሪዎችን ሰብስቦ ምንጭ እየጠቀሱ መጻፍን ቢያስተምር፣ የተቀበለውን ስጦታ በተግባር መለሰ ማለት ነው።

እንግዲህ ነጻ መሣሪያን መፍራትም ሆነ በጭፍን መቀበል ለቤተ መጻሕፍት አይበጅም። የሚበጀው ባለሙያው መሣሪያውን መጀመሪያ ራሱ ሞክሮ፣ አራቱን ጥያቄዎች ጠይቆ፣ የአንባቢውን አደራ ጠብቆ፣ ለአገሩ ፊደልና ስም እንዲስማማ አድርጎ ሥራ ላይ ማዋሉ ነው። ተማሪም በበኩሉ በነጻ ያገኘውን ጽሑፍ ከማመኑ በፊት ምንጩን ይጠይቅ፤ ከተጠቀመም በኋላ እሱ ደግሞ ለደቦው ምን ሊያዋጣ እንደሚችል ያስብ። ማጭድ ሳይዝ የሄደ ሰው በጎረቤቱ ማሳ ዳር ቆሞ ማየት እንጂ ማጨድ አይችልም።