ፍልሰታና ነጭ ዓሣ

ባሕር የሌላት አገራችን ባሕር ዳር የሚባል ከተማ አላት። ለነገሩ ጣናን ባሕር ካልነው ቆይተናል፣ አልተሳሳትንም። ግን የማስገር ክልከላ፣ የተጠበቀ ቀጠና ምናምን የሚል ወሬ ሲነሣ ሁሌም የሌላ አገር ጉዳይ ይመስለናል። የኛም ነው ወዳጆቼ፤ በተለይ በነሐሴ።

በነሐሴ ከዓባይ ማዶ ድልድዩን ተሻግራችሁ በምሳ ሰዓት ወደ መሀል ከተማ ዝለቁ። ዓሣ ቤቶቹ ጢም ብለዋል። ፍልሰታ ነዋ! ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው (እኛ ቤትም ገና አልተፈታም)። ከተማው ግን ይበላል። ጥብሱ፣ ጉላሹ፣ ለብለቡ…

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ነጭ ዓሣ የምንለው ዘሩን የሚተካው በዚያው ሰሞን ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ አንድ ዓሣ አይደለም። ተመራማሪዎች ለይተው ከቆጠሯቸው የጣና ትልልቅ ዝርያዎቹ ውስጥ 15ቱ ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠራማ መሬትና ንጹሕ፣ ፈሳሽ ውሃ ነው። ጉዞው ከሐምሌ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ታዲያ ወንዝ ከመግባታቸው በፊት አፉ ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ ቦታ መረብ የዘረጋ ሰው ብዙ መድከም የለበትም፤ እንቁላል የያዘችውን እናት ከነዘሯ ያወጣታል። ወንዙ ላይ ደግሞ ብርብራ ፈጭቶ የሚበትን አለ።

ድሮ በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር የሚሰገረው። እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንዶች ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። ክፉ ነገር ነበር አልልም፤ ብዙ ሰው እንጀራ በልቶበታል። ግን ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት በ1990ዎቹ ውስጥ ብቻ የነጭ ዓሣው ክምችት 75 በመቶ ያህል እንደወረደ አሳየ። የጫጩቶቹ መመናመን ከዚያም ይብስ ነበር። እናቲቱ ወንዝ አፍ ላይ ከቀረች ጫጩት ከየት ይመጣል?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱን አውጥቷል። በ2007 ደግሞ ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዘገበልን፤ ካርታው ላይ ጥብቅ ቀጠናዎቹ በቀለም ተለዩ። ዓሣው ካርታ አያነብም እንጂ! ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንኳን ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ክልሉ ባለበት ሁኔታ፣ በደኅናውም ቀን በየወንዙ አፍ ጠባቂ ማቆም ከባድ ነበር።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ነገሩን ሐይቁ ላይ ብቻ አንፈልገው፤ ገበያው ላይ እንያዘው። ባንግላዴሽ ሒልሳ የሚባል ዓሣ አላት፣ እሱም ለመራባት ወንዝ የሚወጣ ነው። በመራቢያው ወቅት 22 ቀን ማስገር ብቻ ሳይሆን ማጓጓዝም፣ ማከማቸትም፣ መሸጥም ይከለከላል። ለተመዘገቡ አስጋሪ ቤተሰቦች ደግሞ መንግሥት ሩዝ ይሰጣል። ልብ በሉ፣ ክልከላውና ሩዙ አብረው ነው የሚመጡት። በኛ አገር ክልከላው ብቻውን ነው የሚመጣው። ፎገራ ላይ ልጆቹን በዓሣ የሚያሳድግ ሰውዬ "ከነሐሴ እስከ መስከረም መረብህን ሰብስብ" ሲባል "እሺ፣ ምን ልብላ?" ብሎ ቢጠይቅ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ የዘመን መለወጫ በግ ሁሉም የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

ፊሌቶ ሆኖ የመጣን ዓሣ ነጭ ይሁን ቆሮሶ ማን ይለያል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ለዚህ ነው ቁጥጥሩ ዓሣው ሳይገፈፍና ሳይቆራረጥ፣ ከጀልባ ሲራገፍ መሆን ያለበት። በእነዚያ ሳምንታት ነጭ ዓሣ ከወደቡ አይለፍ። ቆሮሶ ይለፍ፤ እሱ በሐይቁ ዳርቻ የሚራባ፣ ቶሎ የሚያድግ ነው። (ወንዞቹ ላይ ያለው የአሸዋ ማውጣትና የመስኖ ፓምፕ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

ማጋነን የመሰለው ካለ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናዎ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና ሁሉ የራሱ ብቻ የሆኑ፣ የነጭ ዓሣችን ዘመድ የሆኑ ዝርያዎች ነበሩት፤ 17። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱ ጠፍተዋል ብሎ መዘገበ፤ የቀሩት ሁለቱም መኖራቸው ያጠራጥራል። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦችና ቅጥ ያጣ ማስገር ነው የጨረሳቸው።

ባለፈው ፍልሰታ አንድ ዓሣ ቤት ገብቼ አስተናጋጁን "ምን ዓይነት ዓሣ ነው?" አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝና "ዓሣ ነዋ እህቴ! ዛሬ የወጣ፣ ትኩስ" አለኝ። ርቦኝ ነበር፣ በላሁት።