ከባሕር አደጋ እስከ ጭሮ ዳገት፦ ለጥቂት የተረፈውን ማን ይመዘግበዋል?

መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ዳሊ የተሰኘችው የኮንቴነር መርከብ በአሜሪካ ባልቲሞር አንድ ትልቅ ድልድይ ገጭታ አፈረሰች፤ በድልድዩ ላይ ጥገና ሲያከናውኑ የነበሩ 6 ሠራተኞችም ሕይወታቸው አለፈ። መርማሪዎች የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች መልሰው ለማቀናበር ከተጠቀሙባቸው ምንጮች ዋነኛው የመርከቧ የጉዞ መረጃ መቅጃ ነበር። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ መቅጃው የመሣሪያዎቹን መረጃ መመዝገብ ቢያቆምም፣ በመጠባበቂያ ኃይል ድምፅ መቅዳቱን ቀጥሏል። ምርመራው በመጨረሻ ያመራው በወጉ ወዳልተያያዘች አንዲት ሽቦ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች የራዳሩን ምስል፣ የመሪውን አቅጣጫ፣ በማዘዣ ክፍሉ የተነገረውን ቃልና መርከቦች በየጥቂት ሴኮንዱ የሚያሰራጩትን የመለያ ምልክት በአንድ ሰዓት ቆጣሪ ላይ ያሰልፋሉ። የምንጮቹ ሰዓት ካልተናበበ ግን የሚያምረው ተንቀሳቃሽ ምስል ሐሰት ይናገራል። ሁለት መርከቦች ሳይነካኩ ሲተላለፉም ምን ያህል እንደተቀራረቡ ማስላት ይቻላል።

ጉዳዩ ለምዕራብ ሐረርጌ ነዋሪ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ባቡሩም ሚኤሶን አቋርጦ ይሄዳል። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቀይ ባሕር ጥቃት ሲበረታ አንዳንድ መርከቦች የመለያ ምልክታቸውን አጥፍተው መጓዝ ጀምረዋል። ያኔ ጉዞአቸውን ከውጭ ሆኖ መልሶ ማቀናበር እጅግ አዳጋች ይሆናል።

ለእኛ የሚቀርበው ግን መንገዱ ነው። ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ሽቅብ በሚወጣውና በሂርና በኩል ወደ ቁሉቢ በሚያመራው ጎዳና፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ግሎ ለጥቂት የተረፈ የከባድ መኪና ሾፌር ነገሩን ሻይ ቤት ያወራዋል እንጂ ለትራፊክ ፖሊስ አያስመዘግብም። በባሕር ላይ ዓለም አቀፉ የደኅንነት አስተዳደር ደንብ እንዲህ ያለው ክስተት ለመርከብ ድርጅቱ እንዲነገርና እንዲመረመር ያስገድዳል። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ ባቡር ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከዚያ በፊት በዚያው ኩርባ ለጥቂት የተረፈ ባቡር ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጂፒኤስ የተገጠመላቸው ከባድ መኪኖች ድንገት የቆሙባቸው ቦታዎች ቢሰበሰቡ የትኛው መታጠፊያ እንደሚያሰጋ መለየት ይቻል ነበር። እንቅፋቱ ከመሣሪያው ይልቅ ፍርሃቱ ይመስለኛል፤ መዝገቡ ለቅጣት ይውላል ብሎ የሚሰጋ ሾፌር አይናገርም። የባሕር አደጋ ምርመራ ሕግ ምርመራውን ጥፋተኛ ከመፈለግ የለየው በዚሁ ምክንያት ነው።